የትንፋሽ ቁጥር፦ የጤነኛ ሰው ልኩ ስንት ነው?

(በራዲዮ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር ለመጽሔት እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ከምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንደ ውሃ ከተማ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ነው። እኚህ እናታችን ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታናሹ የ11 ዓመት ልጅ ሲሆን አስም አለበት። ታላቁ 24 ዓመቱ ነው፤ በመተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ የሚሠራ፣ ብርቱና ጤነኛ ወጣት ነው። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ትንሹን ልጅ ለሐኪም አሳዩት። ሐኪሙም ልጁን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲነፋ አደረገው። መሣሪያዋም 14 የሚል ቁጥር አሳየች። አብሮ የነበረው ታላቅ ወንድሙ «እኔም ልሞክረው» ብሎ ነፋ፤ የእሱ ደግሞ 31 ሆነ።

እናታችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ወረቀቱን አየ። «የትንሹ ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ ድኗል» ተባለ። በየቀኑ ይስበው የነበረው የአስም መድኃኒትም «ሱስ ይሆንበታል» በሚል በቤተሰቡ ውሳኔ ተቋረጠ። ስለ ታላቁ ግን «ሳንባው ሳይታመም አይቀርም» የሚል ወሬ ተነሣ። ለእሱ ተጠይቃ የነበረችው ልጅ ቤተሰቦችም ጉዳዩን ማንሣት ጀመሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ትንሹ ልጅ በአንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከዒሻ እስከ ፈጅር ቁጭ ብሎ ሲያቃስት አደረ። አላህ ብሎለት ሲነጋ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ተረፈ። ጤነኛ የተባለው ሊሞት ነበር፤ ታማሚ የተባለው ሰሊጡን እያጨደ ነው። እናታችንም «ኡስታዝ፣ መሣሪያዋ ዋሸችን ወይስ እኛ ነን ያልገባን?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እኛ ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን ጥያቄውን ይዘን ሐኪሞችን ጠይቀናል፣ የተጻፈውንም አንብበናል። መልሱ ለእኚህ እናት ብቻ ሳይሆን አስም ያለበት ሰው ላለበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

መሣሪያዋ የምትለካው ምንድን ነው?

መሣሪያዋ የምትለካው በትንፋሻችን ውስጥ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ከአንድ የናይትሮጅንና ከአንድ የኦክሲጅን ቅንጣት የተሠራ ነው። በስም የሚቀራረቡት ሌሎች ጋዞች ስላሉ መለየት ያስፈልጋል። ናይትረስ ኦክሳይድ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከመኪና ጭስና ከምድጃ የሚወጣ፣ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ነው። የኛ የዛሬው ጉዳይ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ናይትሪክ ኦክሳይድን የራሳችን አካል ይሠራዋል። የሚሠራውም አርጂኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህም በሥጋ፣ በለውዝ፣ በሰሊጥና በመሳሰሉት ምግቦች ውስጥ ይገኛል። አካል ውስጥ ከተሠራ በኋላ ዕድሜው የሰከንዶች ጉዳይ ነው። በዚያች አጭር ዕድሜው ግን ብዙ ሥራ ይሠራል። የደም ሥሮችን ያላላል፤ በነርቮች መካከል መልእክት ያደርሳል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ተሕዋስያንን ለመግደል ይጠቀሙበታል።

ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት በቅርብ ጊዜ ነው። እስከ እ.ኤ.አ 1980ዎቹ ድረስ ናይትሪክ ኦክሳይድ በአብዛኛው የሚታወቀው በመብረቅና በሞተር ጭስ ውስጥ የሚገኝ ጋዝ ተብሎ ነበር። ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ ጋዝ በሰው ደም ሥሮች ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን በማሳየታቸው እ.ኤ.አ በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የሚገርመው፣ ሽልማቱን የመሠረተው አልፍሬድ ኖቤል ሀብት ያካበተው ናይትሮግሊሰሪን ከተባለ ፈንጂ ነገር ድማሚት በመሥራት ነበር። በዕድሜው መጨረሻ ልቡን ሲታመም ሐኪሞች ያዘዙለት መድኃኒትም ያው ናይትሮግሊሰሪን ነበር። ይህ መድኃኒት የልብ ሕመምን የሚያስታግሰው በአካል ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚለቅ መሆኑ የታወቀው ግን ኖቤል ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ በ1991 የስዊድን ተመራማሪዎች ይህ ጋዝ በሰው ትንፋሽ ውስጥ እንደሚገኝ አስታወቁ። በ1993 ደግሞ አስም ያለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ከጤነኞች የበለጠ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዳለው ታየ። የዛሬዋ መሣሪያ መነሻዋ ይህ ነው።

እንዴት ይለካል?

ተመርማሪው ይቀመጣል። በመጀመሪያ አየሩን ያስወጣል፤ ከዚያ በመሣሪያዋ በኩል የተጣራ አየር እስከ መጨረሻው ይስባል፤ በመቀጠልም ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይነፋል። አዋቂ 10 ሰከንድ ያህል፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ 6 ሰከንድ ያህል ይነፋሉ። የሚነፋው ፍጥነት በሰከንድ 50 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ተወስኗል። በዚህ ፍጥነት ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ በ10 ሰከንድ ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ ይህ እንደ ሌሎቹ የሳንባ ምርመራዎች በኃይል የሚነፋበት አይደለም። በኃይል ከተነፋ ከሳንባ የሚመጣው ብዙ አየር ጋዙን ያቀጥነውና ቁጥሩ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

ቁጥሩ ሲነገር «ከቢሊዮን ይህን ያህል» ማለት ነው። 20 ከተባለ፣ ከአንድ ቢሊዮን የትንፋሽ ክፍል 20ው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው ማለት ነው። ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የመተማ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ሺህ ፍሬ ሰሊጥ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲያው አንድ ቢሊዮን ፍሬ 30 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በ30 ኩንታል ነጭ ሰሊጥ ውስጥ 20 ጥቁር ፍሬ ብትጨምሩና አንድ ሰው ሳይሳሳት ቢቆጥራቸው፣ መሣሪያዋ የምትሠራው ሥራ እንደዚያ ነው። ሱብሐነላህ! ለዚህም ነው ትንሽ ነገር ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ሊያደርገው የሚችለው።

የጤነኛ ሰው ልክ ስንት ነው?

የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ከ25 በታች ዝቅተኛ፣ ከ25 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ይባላል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከ20 በታች ዝቅተኛ፣ ከ20 እስከ 35 መካከለኛ፣ ከ35 በላይ ከፍተኛ ነው። አብዛኞቹ ጤነኛ አዋቂዎች ከ25 በታች ይሆናሉ።

እዚህ ላይ በጥሞና እናስተውል። መመሪያው «ዝቅተኛ» አለ እንጂ «ጤነኛ» አላለም፤ «ከፍተኛ» አለ እንጂ «በሽተኛ» አላለም። ምክንያቱም ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። በአየር ቧንቧዎቻችን ግድግዳ ላይ ከአለርጂ ጋር የተያያዘ፣ ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚበዙበት ቁጣ ሲኖር ግድግዳው ናይትሪክ ኦክሳይድን አብዝቶ ይሠራል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሐኪሙ «ምናልባት እንዲህ ያለ ቁጣ ይኖር ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚያገኘው ግን ከሕመሙ ታሪክ፣ ደረትን ከማዳመጥና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አገናኝቶ ነው። ሁሉም አስም ደግሞ ይህ ዓይነት ቁጣ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለ የአስም ታማሚም ይኖራል።

ጤነኞች ለምን ይለያያሉ?

ሁለት ጤነኛ ሰዎች ጎን ለጎን ቢነፉ ቁጥራቸው እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ከታወቁት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ዕድሜና ቁመት ነው። ልጅ እያደገ ሲሄድ ቁጥሩም ይጨምራል፤ ረጅም ሰው ከአጭር ሰው በመጠኑ ከፍ ይላል። ወንዶችም በአማካይ ከሴቶች ይበልጣሉ።

ሁለተኛ፣ አለርጂ ነው። አስም የሌለበት ነገር ግን አቧራ ወይም የአበባ ብናኝ ሲነካው የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑን የሚበላው ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምግብ ነው። ናይትሬት የሚበዛባቸው እንደ ሰላጣና ቀይ ሥር ያሉ አትክልቶች ከተበሉ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህም ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ምግብና መጠጥ ባይወሰድ ይመከራል።

አራተኛ፣ ጉንፋን ነው። የቫይረስ ጉንፋን የያዘው ሰው ቁጥሩ ሊጨምር ስለሚችል ድኖ ቢለካ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ትንባሆ ነው። ይህኛው ቁጥሩን የሚቀንስ ነው። አጫሽ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲያይ «ሳንባዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ትልቅ ስሕተት ነው! ጭሱ ጋዙን የሚሠራውን ግድግዳ ሥራ አዳክሞት ነው እንጂ ሳንባው ስለዳነ አይደለም። ሺሻም ያው ትንባሆ ነው።

ስድስተኛ፣ መድኃኒት ነው። በየቀኑ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ቁጣውን ስለሚያበርድ ቁጥሩን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ዝቅ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።

አፍንጫ ሌላ ጉዳይ ነው። በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የራስ ቅል ክፍተቶች ውስጥ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሳንባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያዋ ስትነፋ መጠነኛ ተቃውሞ እንዲኖራት የተደረገውም ጉሮሮአችን ወደ አፍንጫ የሚወስደውን በር እንዲዘጋና የአፍንጫው አየር ከሳንባው እንዳይቀላቀል ነው። እ.ኤ.አ በ2002 በስዊድን የተደረገ ጥናት ሰው አፉን ዘግቶ «እምምም» ሲል ከአፍንጫው የሚወጣው ጋዝ ከጸጥተኛ ትንፋሽ 15 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞች «እንግዲያው ቁርኣን መቅራት ለሳይነስ መድኃኒት መሆኑ በሳይንስ ተረጋገጠ» ሲሉ ሰምተናል። ጥናቱ ግን ስለ ድምፅ ንዝረት እንጂ ስለ ቲላዋ አልነበረም። ቁርኣንን የምንቀራው ለአላህ ብለን ነው። ያልተባለውን ተብሏል ማለት ለዲኑም ለዕውቀቱም አይበጅም።

ደጋና ቆላ

የምዕራብ ጎንደር ሕዝብ ብዙው ከደጋ የወረደ ነው። በሰፈራ የመጣ አለ፤ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርድ አለ። መተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ያሉት መንደሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። «ከፍታ በትንፋሽ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። በዚያ ከፍታ አየሩ ቀጭን ስለሆነ የሌላ አገር ተራራ ነዋሪዎች ወይ ደማቸው ይወፍራል፣ ወይ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ያንሳል። የሰሜን ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች በአማካይ 15.9፣ ለሴቶች 15.0፣ በደማቸው ያለው ኦክሲጅንም በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም በባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። እኚሁ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2001 ደግሞ በ4,200 ሜትር ላይ የሚኖሩ የቲቤት ሰዎች የሚተነፍሱት ናይትሪክ ኦክሳይድ በባሕር ወለል አጠገብ ካሉ ሰዎች ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳውቀው ነበር። እነዚያ የቲቤት ሰዎች በሽተኞች አልነበሩም። ከፍ ያለው ጋዝ የሳንባቸውን ደም ሥሮች እያላላ በቀጭኑ አየር እንዲኖሩ ያግዛቸዋል ተብሎ ይታመናል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? «ጤነኛ» የሚለው ልክ ሰውየው ከሚኖርበት ቦታ ጋር አብሮ የሚታይ መሆኑን ነው። በሌላ አገር ሰዎች ላይ ተለክቶ የወጣን ሠንጠረዥ ይዘን በወንድማችን ላይ ፍርድ መስጠት አይገባንም።

ነጭ ሴሎችና የቆላው በሽታ

ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስናወራ የቆላውን በሽታ ካላዛርን ሳናነሣ ብናልፍ ያስወቅሰናል። ካላዛርን የሚያመጣው ተሕዋስ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። ዝንቧም በመተማና በሁመራ ቆላ ጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። ተሕዋሱ የሚደበቀው ሊገድለው በተፈጠረው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ነው። ያ ሴል ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ፣ በተለይ በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ሴሉ በቂ ጋዝ ከሠራ ተሕዋሱን ይገድለዋል፤ ካልሠራ ተሕዋሱ ይረባል።

ይሁን እንጂ የትንፋሽ ቁጥር ካላዛርን አይለይም፤ ወባንም አይለይም፤ የሳንባ ነቀርሳንም አይለይም። ከእርሻ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ ሰውነቱ ከከሳ ለካላዛር የደም ምርመራ ማድረግ ያስፈልገዋል። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ከበለጠ ደግሞ አክታው ይመርመር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለካላዛር የምርምርና የሕክምና ማዕከል ያለው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ

እንግዲህ እናታችን ለጠየቁን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። መሣሪያዋ አልዋሸችም።

ትንሹ ልጅ 14 የሆነው መድኃኒቱን ለወራት በየቀኑ ሲስብ ስለነበር ነው። ቁጥሩ «ልጁ አስም የለውም» አላለም፤ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ነበር ያለው። ጣራው ስለማያፈስ ቤቱ ጣራ አያስፈልገውም ብሎ ጣራውን የሚያነሣ ሰው ይኖራል? መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቁጣው ተመለሰ። የሰሊጥ ገለባ ሲቃጠል ጭሱ፣ ከሱዳን በኩል የሚነሣው አቧራ፣ የቤት ውስጥ ጭስ ሲጨመርበት ያ ሌሊት መጣ። ሱስ የተባለውም ነገር መሠረት የለውም። የሚሳበው የአስም መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ልጁ መልሶ የፈለገው ሱስ ሆኖበት ሳይሆን በሽታው ስላልሄደ ነው።

ታላቁ ወንድሙ 31 የሆነው ከሦስት ነገሮች ጋር ይያያዛል። በደብዳቤው እንደተጻፈልን ረጅም ወጣት ነው። ሰሊጥ ሲራገፍ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑንም ይበላዋል። በዚያ ቀን ደግሞ ወደ ሐኪሙ የሄዱት ሰላጣ ያለበት ምሳ በልተው ወዲያው ነው። 31 መካከለኛ ቁጥር ነው። ሳል ከሌለው፣ ደረቱ የማያፏጭ ከሆነ፣ ሌሊት ትንፋሽ የማያጥረው ከሆነ በዚህ ቁጥር ብቻ ታማሚ አይባልም። ሊደረግለት የሚገባው ሰሊጥ ሲያራግፍ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንዲሸፍን መምከርና ምልክት ካየ ሐኪም እንዲያይ ማድረግ ነው። በአንድ ወረቀት ምክንያት የሰውን ስም ማንሣትና ትዳሩን ማሰናከል ግን በደል ነው። በጉዳዩ ምላሳቸውን ያሳረፉ ሁሉ አውፍ እንዲሉት እንጠይቃለን።

ጾምና ምርመራው

በረመዷን ይህ ምርመራ ጾምን ያበላሻል ወይ የሚል ጥያቄም ደርሶናል። በምርመራው ወደ ሆድ የሚገባ ምግብም መጠጥም መድኃኒትም የለም፤ ሰውየው አየር ስቦ አየር ያወጣል። ጾምን የሚያበላሽ ነገር አላየንበትም። ስለሚሳበው መድኃኒት ግን በዘመናችን ዑለማኦች መካከል ልዩነት አለ። ጾምን አያበላሽም ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ ያበላሻል ያሉም አሉ። አስም ያለበት ሰው ረመዷን ሳይገባ ሐኪሙንም ዓሊሙንም ጠይቆ ይዘጋጅ። በየቀኑ የሚሳበውን መድኃኒት በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሰዓት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን መውሰድ አለበት። ለታማሚ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን መክፈል በሸሪዓችን የተፈቀደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም ግዴታ የለበትም።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

መሣሪያዋ በገጠር የለችም፤ በከተማም በጥቂት ቦታ ነው የምትገኘው። ነገር ግን አስምን ለመቆጣጠር መሣሪያዋ የግድ አይደለችም። የሚከተሉትን ማንኛውም ቤተሰብ ማድረግ ይችላል።

በየቀኑ የሚሳበውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አናቋርጥ። «ተሽሎኛል» ማለት መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። የሚቀነስም ከሆነ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

ሁለቱን መድኃኒቶች እንለይ። አንዱ በየቀኑ የሚሳብ፣ ቁጣውን የሚያበርድ ነው። ሌላው እንደ ሳልቡታሞል ያለ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቶሎ የሚያስታግስ ነው። የሚያስታግሰውን ብቻ ይዞ የሚያበርደውን መተው እሳቱን ትቶ ጭሱን ማራገብ ነው።

ምግብ የምናበስልበትን ቦታ ከመኝታ እንለይ፤ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት እናበጅ። አስም ያለበት ልጅ በቤት ውስጥ ዕጣንና ከሰል ሲጨስ ከዚያ ይራቅ። በልጆች ፊት የሚያጨስ ሰው ካለ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ቢተወው ደግሞ ለራሱም ለቤተሰቡም ሰደቃ ነው።

የአደጋ ምልክቶችን እንወቅ። ልጁ ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ የጎድኑ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም የሚያስታግሰው መድኃኒት አልሠራለት ካለ ንጋትን አንጠብቅ። በዚያች ሌሊት ያገኘነውን መጓጓዣ ይዘን ወደ ሆስፒታል እንሂድ። ዱዓችንን በመንገድ ላይ እናድርግ።

የምርመራ ወረቀት ሲሰጠን ደግሞ «ይህ ቁጥር ለዚህ ሰው ምን ማለት ነው? ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?» ብለን ሐኪሙን ሳንጠይቅ ከክፍሉ አንውጣ። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ነው ትርጉሙን የሚያውቀው፤ ጎረቤት አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! ትንፋሽ ከአላህ ጸጋዎች ሁሉ ሳናስበው የምንጠቀምበት ነው። ዋጋው የሚታወቀን ሲያጥረን ነው። እናታችን በላኩልን ሁለተኛ ደብዳቤ ትንሹ ልጅ መድኃኒቱን እንደገና መሳብ ጀምሮ አሁን ሌሊቱን ተኝቶ እንደሚያድር፣ መድረሳም እንደተመለሰ ነግረውናል። የታላቁም ጉዳይ በሽማግሌ ተይዟል፤ ኢንሻአላህ በመልካም ያልቃል ብለን እንጠብቃለን። እርሳቸውም ያንን ወረቀት በሣጥን እንዳስቀመጡት ጽፈውልናል። አይጣሉት እንላለን። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ ሲያያቸው የልጁን ቁጥር ከዚያኛው ጋር ያስተያየዋል፤ የአንድን ሰው ቁጥር ከራሱ የቀድሞ ቁጥር ጋር ማስተያየት ከሌላ ሰው ጋር ከማስተያየት ይበልጣልና።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን ይስጣቸው። በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።